ስንዴና ሰሊጥ በአንድ ክንድ ላይ

ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደም ግፊቴን ልለካ ሄጄ የሰው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። የሰው የሆነው ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የእኔ ነበር። እግሬ ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም።

የጤና መድን ክፍሉን በር ገፋ አድርጌ ገባሁ፣ ባርኔጣዬን ምስማሩ ላይ ሰቀልሁ፣ መሳቢያውን ከፍቼ መነጽሬን ፈለግሁ። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ቀና ስል ከመስኮቱ ባሻገር አንድ ገበሬ ሴት ልጁን አቅፎ ቆሟል።

«ጌታው፣ ይቺ ልጅ እንቁላል በቀመሰች ቁጥር ፊቷ ያብጣል። ዶክተሯ ትመርመር ብላለች። መድኑ ይከፍልልኛል ወይ?»

«እዚሁ ሆስፒታል ከተሠራ ይከፍላል» አልሁት። «ደብተርህን ወዲህ በል። የዘንድሮውን መዋጮ ከፍለሃል?»

ደብተሩን እያገላበጥሁ ሳለ ብርቱካን ገባች። ብርቱካን ወንበሩን ከእኔ የተረከበች ልጅ ናት። በአንድ እጇ ሻይ፣ በሌላው ፓስቲ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ ሞላ!»

«አቤት።»

«ግፊት የሚለካው በወዲያኛው በር ነው።»

ገበሬው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየና «ታዲያ እኒህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለ።

«ጡረተኛ ናቸው» አለች፣ የበሽታ ስም እንደምትጠራ ሁሉ። ከዚያ ሻይዋን አስቀምጣ ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። «የነገሩህ ግን ልክ ነው። ይከፍላል።»

ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ ጨው ይቀንሱ አለችኝ። ኀፍረት ይሁን ጨው እኔ ነኝ የማውቀው፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ያ «ይከፍላል» የሚሉት ቃል ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ብርቱካን ሻይዋን ፉት እያለች የምትለው ቃል እኔ ወንበሩን ስይዝ ገና አልነበረም። የተገኘው ከአንድ ቄስ ክንድ ላይ ነው። ጡረተኛ ከወሬ ሌላ ሥራ የለውምና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የጀመርሁት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ በጤና ረዳትነት ነው። የተሰጠኝ ጋዋን ሰፊና ረጅም ስለነበር በገበያ መሀል ሳልፍ አሮጊቶች የቤተ ክርስቲያን ሰው እየመሰልኋቸው ጎንበስ ይሉልኝ ነበር። አላረምኋቸውም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዲቷን እንዲያውም ባርኬያታለሁ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አስካለ ነበሩ፤ አጭር፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚረዝም ሴት። የማውቀውን ሙያ ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፤ የማላውቀውን ደግሞ እሳቸው ሲናገሩ በመስኮት ውጭ እያየሁ ያለፈኝ ነው።

በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ ቀኝ እጁን ይይዛሉ። ላየ ሰው የደም ሥሩን የሚዳስሱ ይመስላል። ከዚያ እንደ ዋዛ ጎንበስ ብለው እጁን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። በእጁ የሚበላ ሰው የበላውን እጁ ላይ ይዞ ይዞራል፤ ታጥቦም ቢሆን ጥፍሩ ሥር አንድ ነገር ይቀራል።

«ሞላ፣ ምን በላህ ብለህ አትጠይቅ» ይሉኛል። «ያጣው ዶሮ በልቻለሁ ይልሃል። የጠገበው እህል አልቀመስሁም ይልሃል። አሽትት። ካልገባህ ደግሞ ወጡን የሠራችውን ጠይቅ፤ እሷ የጨመረችውን ሁሉ ታውቀዋለች።»

አንድ ጊዜ ራሱን ስቶ የመጣ ጎልማሳ ምንም አልቀመስሁም ብሎ ድርቅ አለ። ሲስተር እጁን ይዘው ቆዩና «ኮሶውን ማን ነው የፈጨልህ?» አሉት። «ራሴ» አለ ሳያስበው። ጠላት እንደከበበው ሰው ዙሪያውን ሲያይ ዛሬም ድረስ ያስቀኛል።

እኔም ጥበቡን ተማርሁ ብዬ በሳምንቱ የአንዲት ወይዘሮ እጅ ይዤ ሳሸት ባሏ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ምን እንደተከተለ አልጽፈውም። ሲስተር ጆሮዬ ላይ ፋሻ እየጠመጠሙ «የሴት እጅ ስትይዝ ባሏን አስቀድመህ አስቀምጠው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አፍንጫዬን ለጉንፋን ብቻ ተጠቀምሁበት።

ከቋሪት ወደ ግሽ ዓባይ ተዛወርሁ። የዚያው ኃላፊያችን ጓንት ያልቃል ብሎ ስለሚሰጋ ጓንቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር፤ ጠበል ሊጠመቁ የመጡ እናቶች ጠበሉ ዳር ሲወልዱ ቁልፍ ያዡ ገበያ ነበር። ከዚያ ደምበጫ፣ አስፋልቱ ዳር፤ እዚያ ደግሞ ስብሰባ የሚወድ አለቃ ገጠመኝና አብዛኛው የሕክምና ትምህርቴ ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቡሬ። ስለ ደመወዜ አላወራም፤ እሱም በየወሩ ድምፁን ሳያሰማ ነበር መጥቶ የሚሄደው።

የማህበረሰብ ጤና መድን ሲመጣ ፍኖተ ሰላም ወንበር ሰጡኝ። ሥራዬ የሚላከውን የክፍያ ጥያቄ መመርመር ነበር፦ ታካሚው አባል ነው ወይ፣ ከጤና ጣቢያው ተልኮ ነው ወይ የመጣው፣ የታዘዘው መድኃኒት ከበሽታው ጋር ይገጥማል ወይ። ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ጤና ጣቢያ ጥርሱን ላመመውም እግሩን ለተሰበረውም አንድ ዓይነት ሽሮፕ ካዘዘ፣ የታመመው መጋዘኑ መሆኑን ማወቅ አለብህ፤ ጊዜው ሊያልፍበት ያለ መድኃኒት ይኖረዋል። ይህን የመሰለውን ነገር ሳገኝ እንደ ድል አድራጊ እንጎማለል ነበር። ሚስቴ «ሽሮፕ ያዘ ተብሎ እንዲህ ይኮራል?» ትለኛለች።

ቄስ ይባቤ ወደ መስኮቴ የመጡት አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ካህን ናቸው። ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ድምፃቸው ያማረ። ከኋላቸው ሚስታቸው አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«በጾም ያማቸዋል» አለች እሷ፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ። «ከንፈራቸው ያብጣል፣ ገላቸው ይንደበደባል፣ ጉሮሯቸው ይዘጋል። ጾሙ ሲፈታ ይተዋቸዋል። አየ ጉድ፣ ዘንድሮስ ባሰባቸው።»

«ከጾም ጋር ነው የተጣላሁት፣ አያ ሞላ» አሉ ቄሱ ፈገግ ብለው። «አስታርቀን እስቲ።»

የሆስፒታሉ ዶክተር ሰናይት የምትባል ወጣት ናት። አየቻቸውና የምግብ ነገር ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ጠረጠረችና «አባ፣ ከመታመምዎ በፊት ምን ይበሉ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን አገላበጡ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ጾም ነበር እኮ» አሏት።

ልጅቱ ፊቷ ቀላ። እኔም አጠገባቸው ነበርሁና አንገቴን ደፋሁ። ካህንን በጾም ወራት ምን በላህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ጾሙን ገድፈሃል ከማለት የሚለየው በትንሽ ነው። የጤና ጣቢያው ሰው አልጠየቃቸው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ አልጠየቀቻቸው፣ የንስሐ አባታቸውም አልጠየቋቸው። ሁላችንም በአክብሮት አፋችንን ዘግተን ሰውየውን ስናሳምማቸው ኖርን።

እኔ ደግሞ ባለ ብልሃት ነኝና ሌላ መንገድ አገኘሁ። ባሕር ዳር አንድ የግል ላቦራቶሪ ደም ወስዶ ለሰውነት የማይስማሙ ምግቦችን ዘርዝሮ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ አውቶቡስ መናኸሪያ ለጥፎ አይቼ ነበር። ዋጋው የቄሱን በሬ የሚያሸጥ ነው። ታዲያ መድኑ ይክፈልላቸው ብዬ ለቦርዱ ጻፍሁ። እንዴት አድርጌ ጻፍሁት! አንቀጹን፣ ንዑስ አንቀጹን፣ የርኅራኄውን ቃል ሁሉ አሰካክቼ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ ራሴን አደነቅሁ።

ቦርዱ አልተቀበለውም። ቦታው ከመድኑ ጋር ውል የለውም አለ። እንደገና ጻፍሁ። እንደገና ተመለሰ። ዞን ድረስ ይግባኝ አልሁ። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፣ እኔ አንቀጽ እየቆጠርሁ ነው። በመጨረሻ ነገሩን ለዶክተር ሰናይት ሳጫውታት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ ያንን ምርመራ እኔ አላዘዝሁም እኮ! ያ ዝርዝር ደም ውስጥ የሚያየው ሰው የለመደውን ምግብ ነው፤ የሚያሳምመውን አይለይም። በዚያ ዝርዝር ብንሄድ ለቄሱ የሚቀራቸው ውሃ ብቻ ነው። ቦርዱ ልክ ነው።»

ያን ሁሉ ወር የተዋጋሁት ለማይረባ ምርመራ ነበር። ከመጻፌ በፊት ደረጃውን ወርጄ የእሷን በር አንድ ጊዜ አላንኳኳሁም። የሥራ ዘመንህ ትልቁ ጥፋት ምንድን ነው ብትሉኝ ይኸው ነው፤ የሚያምር ደብዳቤ ጻፍሁ።

ይህን በተነጋገርን በጥቂት ቀን ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቄስ ይባቤን በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ በአይሱዙ አመጧቸው። ፊታቸው ማንነታቸው እስኪጠፋ አብጧል። ትንፋሻቸው የተሰነጠቀ ዋሽንት ይመስላል። አንጓች ጫማ አላደረገችም። ዶክተር ሰናይት እየሮጠች መጥታ ጭናቸው ላይ መርፌ ወጋች፣ ኦክስጅን አደረገችላቸው፣ ሌላ መርፌ ጨመረች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ያንን ደብዳቤዬን ቃል በቃል አስታወስሁት።

ትንፋሻቸው መለስ ሲል ዓይናቸውን ገለጡ። እኔን አዩ። የእጅ መስቀላቸው ቤት ቀርቷልና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳምሁት።

የተቆላ ሰሊጥ ሸተተኝ።

እጃቸውን አልለቀቅሁም። አንዴ ደግሜ ሳምሁት። ነርሷ «ጋሼ ሞላ ዛሬ መንፈሳዊ ሆኑ» አለች። ሰሊጥ ነው፤ ጥፍራቸው ሥር፣ ጣታቸው መሀል፣ ሞቅ ያለ የምጣድ ሽታ። ከሲስተር አስካለ ጋር ያን ያህል ዘመን ኖሬ አፍንጫዬን እዚያ ያደረሰው ትምህርቴ ቢሆን ኖሮ እንዴት በኮራሁ። ያደረሰኝ ሰላምታ ነው።

ወጣሁና አንጓች አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።

«እሜቴ አንጓች፣ ምሳውን ማን ሠራላቸው?»

«እኔ ነኛ። ማን ሊሠራላቸው ኖሯል?»

«ሰሊጥ አለበት?»

በዚያ ጭንቅ መሀል ፊቷ በራ። «አፍንጫዎ አይጣል ነው! ወንድሜ ከፓዊ ያመጣልኛል። ቀድሰው ሲመጡ ጉልበታቸው ክድት ይላቸዋል። ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በፍትፍት አደርግላቸዋለሁ። እኔ አልነካውም፤ ለእሳቸው ነው።»

«ቀድሰው ሲመጡ ብቻ?»

«ሌላ ቀን ምን አደከማቸው ብዬ?»

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«ያኔማ ቅቤው አለ፣ ወተቱ አለ።»

«ሲያማቸውስ?»

«ሲያማቸውማ እጨምርላቸዋለሁ» አለች።

ምንም አላልኋትም። ምን እላታለሁ?

በማግሥቱ ቄሱ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ወንበር ስቤ ስቀመጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አያ ሞላ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለአንጓች እንዳትነግርብኝ።»

«እሺ፣ አባ።»

«የሚያመኝ በጾም ወራት፣ በቅዳሴ ቀን ነው። ሌላ ቀን ብጾም፣ ብደክም፣ ደኅና ነኝ። ቀድሼ ቆርቤ የወጣሁ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ምን ትለዋለህ ይህን?»

«አንቱ ምን ይሉታል?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ቁርባኑ አልተቀበለኝም እላለሁ። አንድ የማላውቀው በደል አለብኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርሁ፤ ሰገድሁ፣ ጸለይሁ። አልተወኝም። እንግዲህ መቅደስ አልገባም። ከዳንሁ መስቀሌን ይዤ እወጣለሁ።»

ሰውየው በልጅነታቸው ዲያቆን፣ በጎልማሳነታቸው ቄስ የሆኑ ናቸው። ከዚያ ወጥተው የት ይሄዳሉ? ጨዋታቸው ሁሉ፣ ያ ከጾም ጋር ተጣላሁ የሚለው ቀልዳቸው፣ ይህንን የሚሸፍኑበት ነጠላ ኖሯል።

«አባ፣ ሰሊጥ ይሆናል» አልኋቸው።

«ምን?»

«ሰሊጡ። ቀድሰው ሲመጡ የሚበሉት።»

ተቆጡ። እስከዚያ ቀን ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «የአንጓችን እጅ አታንሳብኝ! ለእኔ ብላ ራሷ የማትቀምሰውን!» ቆይተው ደግሞ በፍርሃት «ስንዴስ ቢሆን?» አሉ። «ኅብስቱ ስንዴ ነው። ስንዴ አይሆንህም ቢሉኝስ?»

ለዶክተር ሰናይት ነገርኋት። «ሰሊጥ ሊሆን ይችላል» አለች። «ግን ጋሼ፣ በእርስዎ አፍንጫ መድኃኒት አላዝም። ስንዴውም መታየት አለበት፣ ሌላውም። የቆዳ ምርመራ እኔ ራሴ መሥራት እችላለሁ። ምግቡ ክንድ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ይደረጋል፣ ያሳበጠው ይታወቃል። ግን እዚህ ተሠርቶ አያውቅም። ማን ይከፍላል?»

በዚያች ደቂቃ መመሪያው ጭንቅላቴ ውስጥ በትክክል ተነበበ። ቦርዱ የከለከለኝ ምርመራውን አልነበረም፤ ቦታውን ነበር። ውል ባለው ሆስፒታል፣ የሆስፒታሉ ሐኪም የሚሠራው ምርመራ ሁሉ ይከፈላል። ምርመራውን ወደ ባሕር ዳር ልወስድ ያን ሁሉ ወር ከምማስን ወደ ፍኖተ ሰላም ባመጣው ኖሮ!

በዚህ ጊዜ አልጻፍሁም። ቦርዱ ሲሰበሰብ ባርኔጣዬን ይዤ ገባሁ። ሰብሳቢው ገና ሲያዩኝ «ሞላ፣ ደብዳቤ ነው?» አሉ በድካም።

«ደብዳቤ የለም። ዶክተር ሰናይት እዚሁ ልትሠራው ነው።»

«ምግቦቹን ማን ይገዛል?»

«ሚስታቸው ከቤት ታመጣለች።»

«ታዲያ እኛ የምንከፍለው ምን ሊቀር ነው?»

«መርፌዋን፣ የዶክተሯን ዓይን፣ ምናልባት ቢያማቸው መድኃኒቱንና አልጋውን።»

ሰብሳቢው ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ይኸን አስቀድሞ ቢለን ምን ነበረበት?» አሉ። እኔም ምን እንደነበረብኝ አልነገርኋቸውም። አጸደቁት፤ ለቄሱ ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ ለሚሠራው ሁሉ።

ዶክተሯ ሰውነታቸው እስኪያርፍና የወሰዱት መድኃኒት ከደማቸው እስኪወጣ መጠበቅ አለብን አለች። እስከዚያ ሌላ ቄስ ቀደሰ። ቄስ ይባቤ ሰው ሁሉ ሲገባ እሳቸው ደጅ፣ ዛፍ ሥር ቆመው ያስቀድሱ እንደነበር አንጓች ነገረችኝ።

ቀኑ ሲደርስ ጥቅምት ነበር። ሲገቡ በሩ ላይ ቆሙና «ስንዴውን አታድርጉት» አሉ። «ቁርባን አይመረመርም። ይህስ ድፍረት ነው።»

ዶክተሯ እኔን አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። የመለሰችላቸው አንጓች ናት።

«እንዴ ቄሴ፣ ይኼ የጎተራ ስንዴ ነው። ትናንት ዶሮዎቹ የለቀሙት። ማን ቀደሰው ብለው ነው?»

ቄሱ አሰቡበትና ገብተው ተቀመጡ።

አንጓች አገልግሏን ፈታች። በየስኒው ትንሽ ትንሽ አድርጋ፣ በየስኒው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አስራ፦ በውሃ የተለወሰ ስንዴ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ። መጨረሻ ላይ ሰሊጥ። ሰሊጡ ከሌሎቹ ይልቅ ላመ፤ በቤቷ ደንብ አሳምራ ነው የፈጨችው። እኔ አገልግሎቱ መሰጠቱን ላረጋግጥ ነው ብዬ ገብቼ ጥግ ይዣለሁ። እንዲያ ያለ ማረጋገጫ በመመሪያው የለም።

ዶክተሯ የቄሱን ክንድ ገልብጣ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች፣ ጠብታዎቹን በረድፍ አኖረች፣ እያንዳንዱን በመርፌ ጫፍ ነካች። የአደጋ ጊዜ መርፌው ተሞልቶ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ክንዴን ማሳ አደረግሽው» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ አይንቀሳቀሱ።»

«እየጠበቅሁ ዜማ ልበል?»

«በልብዎ።»

በልባቸው አሉ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ መነጽሬን ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ። ቆዳው ላይ ምንም የለም። ቆይቶ አንድ ቦታ ቀላ። ከዚያ ከፍ አለ፤ ተርብ የነደፈው መሰለ፤ ዙሪያው እየሰፋ ሄደ።

ቄሱ ዓይናቸው የመጀመሪያዋ ምልክት ላይ ተተክሏል፤ የስንዴዋ ላይ። ምንም አልሆነችም፤ ጠብታዋ ደርቃ ቆዳው እንዳለ ነው። አንጓች የምታየው የመጨረሻውን ነው። ሁለቱም አንድ ክንድ እያዩ እሳቸው አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች፤ አንዱ የሌላውን አላየም።

«ሰሊጡ ነው» አለች ዶክተር ሰናይት ቀስ ብላ። «ስንዴው ንጹሕ ነው፣ አባ። ሌላውም ንጹሕ ነው።»

ቄሱ በነጻው እጃቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከውስጥ ሆነው «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ። ደግመው ደጋግመው አሉት።

«በእጄ» አለች አንጓች። «በገዛ እጄ ነዋ። ሲያማቸው እየጨመርሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቱ ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ አውቀውት ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

አንደበተ ርቱዑ ሞላ፣ አንቀጽ በቃሉ የሚያነበንበው ሞላ፣ ባርኔጣዬን አገላበጥሁ።

ያዳነኝ ነጠላው ነው። ቄሱ ገለጥ አደረጉትና ዓይናቸው እንደረጠበ ሚስታቸውን አዩዋት።

«አንጓች።»

«አቤት።»

«ስንት ዓመት ሰይጣንን ስረግመው ኖርሁ። አንቺ ነሽ እንዴ?»

እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጨመቀች። መጀመሪያ ልቅሶ መሰለኝ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ስትስቅ መሆኑ ገባኝ። «ይቅርታ ይጠይቁታ!» አለች።

«ማንን?»

«ሰይጣንን!»

ዶክተር ሰናይት ስቃ ስቃ መዝገቡን መጻፍ አቃታት። ቄሱ ያበጠውን ክንዳቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን እጅ ያዙ። ያን ፍትፍት የሠራውን እጅ። በእኛ ዕድሜ፣ በእኛ አገር፣ ካህን በሰው ፊት የሚስቱን እጅ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ኮርኒሱን ለማየት ተገደድሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቀደሱ። ሄጄ አስቀደስሁ፤ መቋሚያ ተደግፌ ትንሽ አንቀላፋሁ እንጂ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሽሮ በላን። ጀንበሯ እስክታዘቀዝቅ እኔና አንጓች ጉሮሯቸውን በዓይናችን ስንጠብቅ ዋልን። ቄሱ ተሰላችተው «ሞላ፣ ወጥ ይበቃሃል ወይስ ጉሮሮዬን ትበላለህ?» አሉኝ።

ስነሣ አንጓች አንዲት ሙዳይ አንገቷ ድረስ ሰሊጥ ሞልታ አመጣች። በቤቱ የቀረው ሰሊጥ ሁሉ ነው። «እኔ ቤት አያድርም፤ ይውሰዱልኝ» አለች። ሙዳይዋ የሙሽርነት ጊዜዋ ናት፤ ራሷ የሰፋቻት።

ሰሊጡን እኔና ሚስቴ ከበላነው ቆየን። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ምን እንደምሞላበት ሳወጣ ሳወርድ ሚስቴ «ስንዴ ነዋ፣ ምን ያሳስብሃል?» አለችኝና ገበያ ሄጄ ነጭ ስንዴ ገዛሁ። ቤት ስገባ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የስንዴ ነጋዴዋና የሰሊጥ ነጋዴዋ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ መስፈሪያም ይዋዋሳሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዤ እቀመጥና ስንዴውን ፍሬ በፍሬ እለቅማለሁ። ዓይኔ ደካማ ነው፤ የለቀምሁትን ደግሜ እለቅማለሁ። ሙዳይዋ ታጥባ፣ ደርቃ፣ መደርደሪያው ላይ ሆና ታየኛለች። የአንጓች ዕዳ እስካሁን አለብኝ።